ደም ግፊትና የአንጎል ቀጫጭን የደም ስሮች፦ በወሎ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ከደሴ እስከ ወልዲያ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ፣ ግፊት አለበት የተባለ ሰው ቶሎ የሚሰጋው ለልቡ ነው፤ ቀጥሎ ለኩላሊቱ። አንጎል የሚነሳው ሰው ድንገት ሲወድቅ ነው። ግፊቱ ግን አንጎል ውስጥ ጉዳት ማድረስ የሚጀምረው ሰውየው ከመውደቁ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። የማይወድቅም አለ፤ እሱ ደግሞ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ሐሳቡ ይዘገያል፤ ቤተሰቡም «አረጀ» ብሎ ያልፈዋል። ከታች ያሉት ታማሚዎችና አስታማሚዎች ዘወትር የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ግፊት መላ ሰውነትን ይጎዳል ከተባለ፣ የአንጎል ቀጫጭን ስሮች ለምን ይብስባቸዋል?

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ፣ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ደም የሚደርሰው በአንገት በኩል በሚያልፉ አራት ዋና ዋና የደም ስሮች ነው። እነሱ አንጎል ሥር ተገናኝተው ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ከነዚህ ቅርንጫፎች ጎን ደግሞ አብዛኞቹ ውፍረታቸው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስሮች ተነስተው በቀጥታ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል ይገባሉ። ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ደም ስር ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ ሲሄድ ግፊቱም አብሮ እየበረደ ይሄዳል። እዚህ መንገዱ አጭር ስለሆነ ግፊቱ ሳይበርድ ይደርሳል። የቦርከናን ወንዝ ውኃ ከዋናው ቦይ ወደ መደቡ በአንዴ የለቀቀ ገበሬ መደቡ ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ሌላው ክፋቱ እነዚህ ስሮች ምትክ የሌላቸው መሆኑ ነው። አንዱ ቢዘጋ፣ የሱን ድርሻ ተሸክሞ ደም የሚያደርስ ጎረቤት ስር የለም ማለት ይቻላል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ግፊቱ ለዓመታት ሲደበድበው የስሩ ግድግዳ መጀመሪያ ራሱን ለመከላከል ይወፍራል፤ ቀዳዳው ይጠባል። ቆይቶ የግድግዳው ጡንቻ ይሞትና ቦታውን ጠባሳ ይተካዋል። ጠባሳ አይለጠጥም፤ ስለዚህ አንጎል ብዙ ደም ሲፈልግ ስሩ መስፋት አይችልም፤ ከደም የሚወጣ ፈሳሽም በግድግዳው በኩል ወደ አንጎል ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ መጨረሻው ሁለት ነው። ወይ ስሩ ይዘጋና ከ3 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የሞተ ነጥብ ይተዋል፤ ሐኪሞች ላኩን ይሉታል። ወይ ይፈነዳና ደም ይፈስሳል። ሻርኮና ቡሻር የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በግፊት በተጎዱ ቀጫጭን ስሮች ላይ ያዩትን ጥቃቅን እብጠት የጻፉት በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር። በግፊት ምክንያት የሚመጣ የአንጎል ደም መፍሰስ ዛሬም የሚያዘወትረው እነዚሁ ስሮች ያሉበትን ቦታ ነው፦ ጥልቁን የአንጎል መሐል፣ ግንዱንና ትንሹን አንጎል።

ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም። ታዲያ እንዴት ጉዳት አለ ይባላል?

አብዛኛው ከፍተኛ ግፊት ራስ አያሳምምም። የደም ስሮቹ ሲወፍሩና ሲጠቡም አይሰማም፤ ትንሿ የሞተች ነጥብ እጅ ወይም አንደበት የሚያዝዝ መስመር ላይ ካላረፈች በቀር ሰውየው ምንም ሳያውቅ ያልፋል። በአንጎል ምስል ላይ ተገኝተው ባለቤታቸው ያልሰማቸው ነጥቦች፣ በምልክት ከሚታወቁት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ስለዚህ «ሲያመኝ እለካለሁ፣ ሲያመኝ እውጣለሁ» የሚለው ልማድ ከሁሉም የከፋው ነው። ማስጠንቀቂያው ቁጥሩ ነው፤ ከሱ ሌላ የሚታመን ደወል የለም።

አባቴ ስትሮክ አልመታውም፤ ግን አረማመዱም ጠባዩም ተለውጧል። እርጅና ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ለዓመታት ግፊት የነበረበት ከሆነ ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። የቀጫጭን ስሮች ጉዳት የራሱ መልክ አለው።

አረማመዱ መጀመሪያ ይታያል። እርምጃው ያጥራል፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ይራመዳል፣ ሲነሳና ሲዞር መሬቱ የያዘው ይመስላል። እጁ ግን ፓርኪንሰን የተባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ እንዳለበት ሰው አይደርቅም፤ ሲራመድ ይወዛወዛል። ቀጥሎ የሐሳብ መዘግየት ይመጣል። ገበያ ላይ መልስ በቅጽበት ይቆጥር የነበረ ሰው ብሩን እያገላበጠ ይቆያል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መሥራት፣ ለምሳሌ ቡና እየቀዱ መጫወት፣ ይከብዳል። እዚህ ላይ አልዛይመር ከተባለው የመርሳት በሽታ የሚለይበት ነገር አለ፦ የረሳውን ፍንጭ ብትሰጡት ብዙ ጊዜ ያስታውሰዋል። የአልዛይመር ታማሚ ግን ፍንጭም ብዙ አይረዳው።

የጠባዩ ለውጥ ቤተሰብን የበለጠ ያስከፋል። ለቅሶ መድረስ፣ እድር፣ ጎረቤት መጠየቅ የሚወድ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሰነፍ ሆኖ ወይም ተቀይሞ ይመስላል። ያለ ምክንያት እንባ ወይም ሳቅ ሊያመልጠው ይችላል። ሽንቱ ሲመጣ አያቆየውም። ይህ ሁሉ አንጎል ውስጥ ያሉ የመገናኛ መስመሮች በደም እጦት ሲጎዱ የሚመጣ ነው፤ ፈልጎ ያመጣው አይደለምና ቁጣ አይገባውም።

ሐኪም ዘንድ ውሰዱት የምንለው ሌላም ምክንያት ስላለ ነው። ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡና የሚታከሙ ነገሮች አሉ፦ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ያልታከመ ቂጥኝ፣ እንዲሁም ከሳምንታት በፊት ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ደም። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ይዛችሁ ሂዱ።

ግፊቱ ስንት ሲሆን ነው አንጎል የሚጎዳው? እስከ ስንትስ ይውረድ?

ጉዳቱ የሚጀምርበት አንድ መስመር የለም፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥርና በቆየ ቁጥር ይጨምራል። ጤና ጣቢያ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ይባላል። ቤት ውስጥ ሲለካ መነሻው 135 በ85 ነው። ሕክምናው ላይ ላለ ሰው ከ140 በ90 በታች መሆን ዝቅተኛው ግብ ነው፤ ሰውነቱ ከቻለው ከ130 በ80 በታች ይመረጣል፣ በተለይ ስትሮክ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ካለ።

ከ9,300 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና ስፕሪንት በተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙት ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ጋር ተነጻጽረው ነበር። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ውጤት፣ ዝቅ ያለው ቡድን ውስጥ ቀላል የማስታወስና የማሰብ ድክመት በ19 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ በአንጎል ምስል ላይ የሚታየው የነጭ ጠባሳ ዕድገትም አነሰ። የመርሳት በሽታ ራሱ ግን ልዩነቱ እርግጠኛ ለመባል አልበቃም። ጥናቱ ስኳር ያለባቸውንና ስትሮክ የመታቸውን አላካተተም፤ ስለዚህ 120 ለሁሉም የሚታዘዝ ቁጥር አይደለም።

በፍጥነት ማውረድም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ለዓመታት በከፍተኛ ግፊት የኖረ አንጎል ራሱን ለዚያ አስለምዷል። በሰዓታት ውስጥ ሲወርድበት ደም ያጥረዋል፤ ስትሮክም ሊከተል ይችላል። ድሮ ይደረግ እንደነበረው ኒፊዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ሰብሮ ከምላስ ሥር ማድረግ የተተወው በዚህ የተነሳ ነው። ድንገተኛ አደጋ ከሌለ በስተቀር በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ማውረድ ይበቃል።

ጤና ኬላ ላይ አንድ ቁጥር፣ ቤት ሌላ ቁጥር ይወጣል። የቱን ልመን?

በትክክል የተለካውን። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መሣሪያው ሳይሆን አለካኩ ነው። የደሴን አቀበት ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ እያወራ የተለካ ሰው የሱ ያልሆነ ቁጥር ይዞ ይመለሳል።

ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራና ከባድ ሥራ ይቅር። ሽንት ቤት ይሂዱ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ፣ ሁለቱም እግር መሬት ረግጦ፣ ሳይነባበር፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድ በጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ይረፍ። ክንድ ተንጠልጥሎ ሲለካ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል። ጨርቁ የሚታሰረው በባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን እጥፋት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው፤ በሹራብ ወይም በጋቢ ላይ አይታሰርም፤ እጅጌን ወደ ላይ ጠቅልሎ ክንድን ማነቅም ያው ስህተት ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ጨርቅ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ሰፊውን ይጠይቁ። አይናገሩ። ከ1 ደቂቃ በኋላ ይድገሙና ሁለቱንም ይጻፉ።

ለሐኪሙ የሚጠቅመው የ7 ቀን መዝገብ ነው፦ ጠዋት መድኃኒት ከመዋጥ በፊት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሩትን አማካይ አውጡ። መጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ክንድ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣው ክንድ ይሁን። ለአዛውንቶች ከተቀመጡበት ተነስተው 1 እና 3 ደቂቃ ላይ መለካት ያስፈልጋል፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቱ ሊስተካከል ይገባል፤ መውደቅም ለአንጎል አደጋ ነውና። መሣሪያ ከገዛችሁ የክንዱ ከእጅ አንጓው ይሻላል።

ጨው ያን ያህል ያደርሳል? ቡናችንስ?

ያደርሳል፤ በወሎ ደግሞ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ለአዋቂ የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ምግብ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨምሮ። በብዙ የወሎ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። አንድ ሲኒ ላይ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ከገባ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ሲኒ ሲጠጣ ወደ 4 ግራም ይጠጋል። ወጡ ሳይቆጠር የቀኑ ድርሻ አለቀ።

ቤታችሁ ምን ያህል እንደሚበላ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የጨው ፓኬቱ ላይ የተከፈተበትን ቀን መጻፍ ነው። 5 አዋቂ ያለበት ቤት 1 ኪሎ በ30 ቀን ከጨረሰ፣ ለአንድ ሰው በቀን 6.7 ግራም ደርሷል፤ ከ750 ግራም ባይበልጥ ነበር ልክ የሚሆነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ የገባውን ጨውም ደምሩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። በርበሬው ያለ ጨው ቢፈጭ ወጥ ላይ መጠኑን መቆጣጠር ይቻላል። ቋንጣና የሾርባ ኪዩብ ጨዋቸው ብዙ ነው።

በአንዴ አትቁረጡ። በየሳምንቱ ትንሽ ሲቀነስ ምላስ ይለምዳል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ጤና አዳም ጣዕሙን ይሞላሉ። ቡናው ላይ ግን ጨውን ጨርሶ መተው ይሻላል። የሚቀረውም ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ወደ አሞሌ መመለስ የእንቅርትን ችግር ይጠራል።

ጫትና አረቄስ?

ጫት ሲቃም የልብ ምትም ግፊትም ይጨምራል። በዱአ ላይ ረጅም ሰዓት የሚቅም ግፊት ያለበት ሰው በነዚያ ሰዓታት የተጎዱ ስሮቹን ለተጨማሪ ግፊት ያጋልጣል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ማታ መውረድ የነበረበትን ግፊት እንዳይወርድ ያደርገዋል። ግፊት ላለበት ሰው የምንመክረው መተው ነው። አረቄም በብዛት ሲጠጣ ግፊት ይጨምራል፣ የደም መፍሰስንም ዕድል ያሰፋል። ሲጋራ ከግፊት ጋር ሲደመር ለቀጫጭን ስሮች በጣም የከፋ ጥምረት ነው።

መድኃኒት ጀምሬ ግፊቴ 120 በ80 ሆነ። ላቁመው?

አያቁሙ። 120 በ80 የሆነው መድኃኒቱ ስላለ ነው። ሲያቆሙ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ አንዳንዱ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ከበፊቱ በላይ ይዘልላል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋልል ግፊት ለተጎዱ ስሮች መጥፎ ነው። ጸበል የሚጠመቁ ወይም ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው የሚጠቀሙ ሰዎች መድኃኒቱን ጎን ለጎን ይቀጥሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሰዎች መድኃኒት የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ባልተነገራቸው የጎንዮሽ ችግር ነው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ኩላሊት ደከመ ማለት አይደለም፤ መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሲቀየር ይጎድላል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሲቀየር ይተዋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካሳበጠ ግን መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያበዛ ጠዋት መዋጥ ይመቻል፤ አልፎ አልፎ የሶዲየምና የፖታሲየም ምርመራ ይፈልጋል። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ስለሚጨምሩ፣ ግፊት እንዳለብዎ ሳይናገሩ አይግዙ።

አንድ ቀን ከረሱ ያንኑ ቀን ባስታወሱ ጊዜ ይዋጡ፤ በማግስቱ ሁለት አይዋጡ። ቤት ውስጥ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ መያዝ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ መድኃኒታቸው የተቋረጠባቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ መንገድ የሚዘጋበት ክረምትም ያው ነው።

በጾምና በረመዳን እንዴት ልዋጥ?

አብዛኞቹ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ናቸው፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሲገድፍ ወይም ማታ ይዋጥ። በረመዳን በኢፍጣር ወይም በሱሁር ይሁን፤ የሚያሸናው ኪኒን ግን ከሱሁር ይልቅ በኢፍጣር ቢሆን ቀን ላይ የውኃ እጥረት አያስከትልም። በቀን ሁለት ሦስቴ የሚወሰድ ካለ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪሙን ያማክሩ፤ በአንድ ጊዜ በሚወሰድ ሊተካው ይችላል። ወሳኙ የመረጡት ሰዓት በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው።

ስትሮክ ሲጀምር እንዴት ይታወቃል? ምን እናድርግ?

ፊት ባንድ ጎን መጣመም፣ አንድ ክንድ ወይም እግር መዛል፣ ንግግር መተሳሰር፣ ሁሉም ድንገት። የቀጫጭን ስሮች ስትሮክ አታላይ የሚሆነው ታማሚው አእምሮው ንጹሕ ሆኖ፣ ራሱን ሳያመው ሊመጣ ስለሚችል ነው። ጠዋት ሲነሳ ግማሽ አካሉ ዝሎ ያገኘዋል፤ ይናገራል፣ ሰው ይለያል፤ ስለዚህ «ምች ነው፣ ይለቀዋል» ይባላል። በደቂቃዎች ውስጥ ቢለቀውም የዚያኑ ቀን መታየት አለበት፤ ትልቁ ስትሮክ በቀጣዮቹ ቀናት ሊከተል ይችላልና።

ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። በረጋ ደም ለተዘጋ ስር የሚሰጠው ማሟሟቻ መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ 4 ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ድረስ ነው፤ ከመሰጠቱ በፊትም ሲቲ ስካን የተባለውን የጭንቅላት ምስል መነሳት ግድ ነው። ደላንታ ወይም መቅደላ ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ጊዜ መንገድ ላይ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ጤና ጣቢያው ደውሎ ሲቲው የሚሠራበትን ሆስፒታል እንዲያጣራ ጠይቁ። ሰዓቱ ቢያልፍም መሄዱ ከንቱ አይደለም፤ ሕይወት የሚያድን ሌላ ብዙ ሥራ አለ።

አስፕሪን አትስጡ። መዘጋትና መፍሰስ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ አስፕሪን ያባብሰዋል። ተጨማሪ የግፊት ኪኒንም አታስውጡት። ውኃም ቢሆን አታጠጡት፤ ጉሮሮው ዝሎ ከሆነ ወደ ሳንባ ይገባል። ዋገምትም ሆነ ማሸት ጊዜ ከማቃጠል በቀር አይረዳም። የሚያስታውከው ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ አስተኝታችሁ ውሰዱት።

ስትሮክ ሳይመታኝ ለመከላከያ አስፕሪን ልጀምር?

በራስዎ አይጀምሩ። ቀጫጭን ስሮቹ የተጎዱ ሰው የመድማት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከስትሮክ በኋላ ሐኪም ካዘዘው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ኤምአርአይ ልነሳ?

ጉዳቱን አጥርቶ የሚያሳየው ይህ የአንጎል ምስል ነው፤ ግን ምልክት ለሌለው ሰው ሕክምናውን አይቀይረውም፤ ገንዘቡ ለመድኃኒቱ ቢውል ይሻላል። በርካሽ የሚገኝ ፍንጭ አለ። ዓይን ውስጥ ያሉ የደም ስሮች ከአንጎሎቹ ጋር ተቀራራቢ ናቸው፤ የዓይን ሐኪም ብርሃን አብርቶ መጥበባቸውንና መድማታቸውን ማየት ይችላል። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መገኘቱም የኩላሊት ቀጫጭን ስሮች መጎዳታቸውን ያሳያል፤ ያ የተጎዳበት ሰው አንጎሉም እንደተነካ መጠርጠር ይገባል። እነዚህንና የስኳር ምርመራን በዓመት አንዴ ይጠይቁ።

የተጎዳው ክፍል ይድናል?

የሞተው ነጥብ አይመለስም። ግፊቱ ሲስተካከል ግን አዲስ ነጥብ የመፈጠሩ ዕድል ይቀንሳል፣ ዙሪያው ያለው አንጎልም ሥራውን በከፊል ይረከባል። ለዚህ የየቀኑ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ጥሩ መነሻ ነው። አዛውንቱን «አንተ ተቀመጥ» ብሎ ሁሉን ማድረግ ፍቅር ቢሆንም ያደክመዋል፤ የሚችለውን ይሥራ፣ ሰው መሐል ይዋል።

እርጉዝ ነኝ፤ ግፊት አለሽ ተባልኩ። ይህ እኔንም ይመለከታል?

በጣም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140 በ90 ከደረሰ የሽንት ፕሮቲን መታየት አለበት። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የአንጎል ስሮች በወጣትም ላይ በሰዓታት ውስጥ ሊያፈስሱ፣ መንቀጥቀጥም ሊከተል ይችላል። 160 በ110 ድንገተኛ ነው። ኢናላፕሪል ለጽንሱ አደገኛ ስለሆነ ሲወስዱ የቆዩ ከሆነ ዛሬውኑ ይናገሩ፤ በምትኩ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፊዲፒን ይሰጣል። ከወለዱ በኋላም አደጋው ወዲያው አይጠፋም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና በ6ኛው ሳምንት ይለኩ፤ ከዚያም በየዓመቱ።